ጀርባዋን ሰጥታ የተከታተለችው ድራማ

በሰፈሩ «ሰፊዋ» እየተባለች የምትጠራው ወይዘሮ አርባ ዓመት ሙሉ ሙሽራውንም ሐዘንተኛውንም ስታለብስ ኖራለች፤ ዛሬም ከመርፌ አልተፋታችም። የስፌት መኪናዋ ብርሃን ፍለጋ ከመስኮቱ ሥር ቆሟል፤ ቴሌቪዥኑ ከበስተኋላዋ ነው። ስለዚህ በየአመሻሹ የሚቀርበውን፣ ከባዕድ አገር መጥቶ በቋንቋችን የሚነገረውን ተከታታይ ድራማ የምትከታተለው በጆሮዋ ብቻ ነበር። ዓይን ለመርፌ፣ ጆሮ ለወሬ፤ ደንቧ ይህ ነው። ሰማንያ ክፍልም እንዲሁ አለፈ።

ባሏ ጡረታ የወጣ መሬት ቀያሽ ነው። ያቺ የአመሻሽ ሰዓት ቀድሞ የሁለቱ የሽርሽር ሰዓት ነበረችና ነገሩ አንገበገበው።

«ገና ስድሳ ክፍል ይቀረዋል አሉ» አላት አንድ ቀን። «የሰው ገመና ስትሰሚ እግርሽ መራመድ ሊረሳ ነው።»

«ሳታየው ትፈርዳለህ?»

«አንቺስ መች አየሽውና።»

ይህች ቃል አጥንቷ ድረስ ዘለቀች። ወዲያው ውል አቀረበች፦ ዛሬ አብሯት ይቀመጥ፤ ጊዜ የማይገባው ሆኖ ካገኘው፣ ከነገ ጀምሮ ድራማውን እርግፍ አድርጋ ትታ ሽርሽሯን ትወጣለች። ቀያሹም ድል እንደጨበጠ ሰው መነጽሩን ወልውሎ ተሰየመ።

«ይሄ የሚናገረው ማነው?»

«ዳኛው ነዋ፤ የክፉ ክፉ። ጠዋት ችሎት ይቀመጣል፣ ከሰዓት የሀብታም መኪና ይነዳል።»

«ዳኛ የሰው ሹፌር ይሆናል?»

«ኑሮ ተወዶበት ይሆናል ብዬ ተውኩት። ዛሬማ ብሶበታል፤ ራሱ ይጠይቃል፣ ራሱ ይመልሳል። ሕሊናው ሳይሆን አይቀርም።»

ቀያሹ ጠጋ ብሎ አስተዋለ። «አንቺ፣ እነዚህ እኮ ሁለት ሰዎች ናቸው። ከላይ የተቀመጠው መላጣ ሽማግሌ ነው፤ የተከሰሰው ጎፈሬያም ወጣት። ድምፅ የሚያውሳቸው ሰው ነው አንድ የሆነው።»

የስፌት መኪናው ቀጥ አለ። ሰፊዋ ከሰማንያ ክፍል በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበሯን አዞረች፤ ሁለቱንም ሰዎች ተራ በተራ አየቻቸው።

«ያን ምስኪን ሹፌር በየቀኑ ስረግመው ኖርኩ» አለችና እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ቀያሹም አብሯት በሳቅ ተንፈራፈረ።

«ግን ለምን ከሰሱት?» አለ ሳቁ ጋብ ሲልለት።

«ሰነድ ሰረቀ ብለው ነዋ። ሲሰርቅ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።» ድንገት ፊቷ ተለወጠ። «ግን የትኛው ነበር?»

ቀያሹ ወንበሩን ወደ ቴሌቪዥኑ ሳበ። ሰፊዋም አጋጣሚውን አላሳለፈችውም።

«በል ፍረድ፤ ጊዜ ይገባዋል አይገባውም?»

«አንድ ክፍል አይቶ መፍረድ ድንበሩን ሳይዞሩ መሬት መቀየስ ነው» አለ በክብር። «ነገም ማየት ይኖርብኛል።»

«ሽርሽሩስ?»

«ጠዋት ይሁን። ያመለጠኝንም እየሄድን ትነግሪኛለሽ።»

ከዚያ ወዲህ ጎረቤት ጠዋት ጠዋት የሚያየው ሁለት አረጋውያን ክንድ ለክንድ ተያይዘው ሲከራከሩ ነው። «ሹፌሩ ይፈታል» ትላለች እርሷ። «ሌባው ከላይ ተቀምጦ?» ይላል እርሱ፤ ክርክሩ እንዲረዝምለትም መንገዱን በሩቁ ድልድይ በኩል ያዞረዋል።