የአርመኖቹ ሀ

በኦክላንድ ከሥነ ጥበብ ሙዚየሙ አጠገብ የአርመኖች ቅርስ የእግር ጉዞ አለ ብላ፣ ሳኒቬል ከተማ የምትሠራው ኢንጂነር ልጄ ይዛኝ ሄደች። ይህች ልጅ ሁሉን ስትማር የእኛን ፊደል ግን “ቢዚ ነኝ” እያለች ዕድሜዋን ሙሉ ሸሸችው። ያውም ግእዝን ያለ መምህር የዘለቀ አባት እያላት!

“አባባ፣ ዛሬ እንኳ አያስተምሩ፣ ፕሊስ” አለችኝ ከመኪና ስንወርድ።

አስጎብኚዋ፣ አንዲት አርመናዊት አሮጊት፣ በፊደላቸው የተቀረጸ የመስቀል ድንጋይ ፊት አቆመችን። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊደላት ቁርጥ ሀ እና በ ናቸው። ዝም ማለት ዲግሪ ላላቸው ነው፤ እኔ ጮክ ብዬ አነበብኩ።

“ኀበ! በግእዝ ‘ወደ’ ማለት ነው። ብቻ ጠራቢው ተሳስቷል፤ ብዙኃኑን ኀ ትቶ ሀሌታውን ሀ ቀረጸ።”

አሮጊቷ ሳቀች። “የእኛ ስ እና ኦ ናቸው፤ ‘ቅዱስ’ የሚለው ቃላችን መጀመሪያ” አለች። ስለ ገዛ ፊደሏ ትንሽ ትንሽ ታውቃለች።

ልጄ በኀፍረት ትሸሻለች ስል ወደ ድንጋዩ ተጠጋች። ጣቷን በፊደሉ ላይ እያስኬደች “ሶ፣ ሀ ይሄን ነው የሚመስለው?” አለችኝ።

“እሱን ነው” አልኳት። ልጄ በአርመኖች ድንጋይ ላይ ሀ ብላ ጀመረች። ጉዞው ከዚያ ወዴት እንደቀጠለ አላውቅም፤ እኛ ሁ ላይ ነበርን።