ሪባን የተቆረጠለት ሶፍትዌር

ታከለ ኢንጂነር አይደለም። ይህን የማያውቀው ግን እሱ ራሱ ብቻ ነው። ከዓመታት በፊት የአለቃችን ፕሪንተር ውስጥ የተቀረቀረ ወረቀት መዝዞ ሲያወጣ «አንተማ አዋቂ ነህ» ተባለ። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች። ከዚያ ወዲህ ጎንደር ውስጥ ሶኬት ያለው ነገር ሁሉ የታከለ ሆነ። የወር ማኅበሩ ላይ እንኳ «ኢንጂነር» ብለው ካልጠሩት ጽዋውን አይቀበልም። ሚስቱ እታገኘሁ ቴሌቪዥናቸው ሲበላሽ ጠጋኝ የምታስጠራው እሱ ሥራ ከገባ በኋላ ነው።

እኔ ትምህርት መምሪያው ቢሮ ውስጥ ከፊት ለፊቱ ነው የምቀመጠው፤ ንቀቴን በወሬ አላመጣሁትም።

ዘንድሮ የተማሪዎች የሮቦት ውድድር ማስተባበር ለእሱ ተሰጠው። ተማሪዎቹ ሮቦታቸውን የሚያዙበት ሶፍትዌር አዲስ ቅጂ ወጥቶለታል፤ አሮጌውን ይዞ የመጣ ቡድን ሜዳ አይገባም። ነገሩ ቀላል ነበር፤ አዲሱን በፍላሽ ገልብጦ ለየትምህርት ቤቱ መላክ። ታከለ ግን ፍላሹን መሳቢያው ውስጥ ቆለፈበት።

«ሳይመረቅ?» አለኝ ዓይኑን አፍጥጦ። «በውድድሩ ቀን የክብር እንግዳ መጥተው ቁልፉን ይጫናሉ፤ ከዚያ ይሠራጫል።»

ድልድይ ሲመረቅ አይቻለሁ፣ የውኃ ቦኖ ሲመረቅ አይቻለሁ። ለሶፍትዌር አፕዴት ሪባን ሲታሰር ያየሁት ግን በታከለ ዘመን ነው።

የአምባ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት ልጆች ምረቃውን አልጠበቁም። መምህራቸው ኪዳነወልድ አዲሱን ቅጂ ከኢንተርኔት አውርዶ ጫነላቸው፤ ኳስ እየለቀመ ቅርጫት ውስጥ የሚጨምር ሮቦታቸውን በእሱ ሲያለማምዱ ከረሙ። የቡድኑ መሪ እስከዳር የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ከዚህ በኋላ ሌላ ውድድር የላትም።

በውድድሩ ቀን ጠዋት፣ እንግዳው ሳይደርሱ፣ ታከለ ጠረጴዛዎቹን ሲዞር የእስከዳር ኮምፒውተር አዲሱን ቅጂ ይዞ አገኘው። እንግዳው በካሜራ ፊት እንዲያዘምኑት የመረጠው ደግሞ ይህንኑ ነበር።

«ማን ፈቀደልሽ?»

«ምነው አያ ታከለ? አዲሱን ካልያዛችሁ አትገቡም ያሉን እርስዎ አይደሉ?»

«ኢንጂነር በይኝ! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰማሽም? እንግዳው ምን ሊጫኑ ነው ታዲያ? አሁኑኑ አሮጌውን መልሱት!»

ኪዳነወልድ ለመነ። ካልመለሳችሁ ትወጣላችሁ ተባለ። እንግዳው እንዲያዘምኑት ሲባል አዲሱ ወጥቶ አሮጌው ገባ። ይህን ስጽፍ እንኳ ያመኛል።

እንግዳው መጡ፣ ሪባኑን ቆረጡ፣ ቁልፉን ተጫኑ። ተጨበጨበ። ሮቦቱ ከኮምፒውተሩ ጋር በገመድ ተያይዟል፤ አዲሱ ቅጂ በገመዱ ወደ ሮቦቱ ሲገለበጥ ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ መስመር ቀስ እያለ ይሞላል። ኪዳነወልድ «ሞልቶ እስኪያልቅ ማንም እንዳይነካው» ብሎ አስጠነቀቀ። እንግዳው ግን ሌላ ስብሰባ ነበረባቸውና ሰዓታቸውን አዩ። የባለሥልጣን ዓይን በማንበብ ታከለን ማን ይችለዋል? መስመሩ ግማሽ ሳይደርስ ገመዱን ነቀለና ሮቦቱን አስታቀፋቸው።

«ኧረ አይንቀሉት!» ብላ እስከዳር ስትጮህ ካሜራው ብልጭ አለ።

ሮቦቱ ከዚያ በኋላ አልነሳም። ኪዳነወልድ ላብ በላብ ሆኖ ደጋግሞ ሞከረ፤ መብራቱ እንኳ እምቢ አለ። የቡድኑ ስም ተጠራ፣ እንደገና ተጠራ፣ ከዚያ ታለፈ። የታከለ ማብራሪያ «የዝግጅት ማነስ» የሚል ብቻ ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ በሰውየው እስቅ ነበር፤ ያን ቀን ግን አስጠላኝ።

ውድድሩ ሲያበቃ ልጆቹ ወደ መናኸሪያ ሊሄዱ ተነሡ። ታከለ ሮጦ መለሳቸው፤ ከኅብረት ፎቶው ቡድን ከጎደለ ሪፖርቱ አያምርም። እስከዳር ሮቦቷን ታቅፋ ከሌሎቹ መሐል ቆመች።

«ፈገግ በይ እንጂ፣ የኔ ልጅ! ሮቦቱንም ከፍ አድርጊው» አላት።

ጠጋ ብላ በሁለት እጇ ሰጠችው።

«እርስዎ ይያዙት፣ አያ። ያዘመኑት እርስዎ ነዎት።»

ታከለ ተቀበላት፤ ከፍ አደረገውና ለካሜራው ሳቀ።