የጋለውን ቧንቧ የለካንበት ቀን

በደርግ ዘመን ናዝሬት ዳር በነበረ አንድ የዘይት ፋብሪካ ውስጥ መካኒክ ነበርኩ። ክፍላችንን የምትመራው ኩየራ ያደገች፣ ውጭ ተምራ የመጣች ወጣት መሐንዲስ ነበረች። ጴንጤ ናት ስለሚባል የፋብሪካው ካድሬ በበጎ አያያትም ነበር።

አንድ ጠዋት ከቦይለሩ የሚወጣው የእንፋሎት ቧንቧ መታጠፊያው ላይ ሳይሳሳ አልቀረም ብላ ጠረጠረች። ከውጭ ይዛ የመጣችው መሣሪያ ነበራት፤ ወደ ብረቱ ድምፅ ይልክና እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜ ለክቶ ውፍረቱን ያሳያል። ሙቀት ግን አይችልም። ስለዚህ ቦይለሩ ቆሞ ቧንቧው እንዲቀዘቅዝ ጠየቀች።

«ምርት በተጧጧፈበት ሰዓት አቁሙ ማለት አሻጥር ነው» አለ ካድሬው።

በዚያን ጊዜ ይህ ቃል ሰው ያሳስር ነበር። ስለዚህ ቧንቧውን ከነግለቱ ልትለካው ሞከረች፤ ብረቱ ላይ የሚያርፈው የመሣሪያው መዳሰሻ ወዲያው ሙጫው ቀለጠና ሞተ። መጋዘን ጠባቂው አንስቶ የሽንኩርት ማሳ ወደሚያጠጣው ቦይ ሊወረውረው ሲል አስቆመችው።

«ተው፣ ውስጡ እርሳስ አለበት።»

«እርሳስማ ልጆቼም ይጽፉበታል» ብሎ ሳቀ።

«የሚጻፍበትን አይደለም። ጥይት የሚሠራበትን ነው፤ መርዝ ነው።»

ሳቁን ትቶ መዳሰሻውን መለሰላት። በላስቲክ ጠቅልላ መሳቢያዋ ውስጥ ቆለፈችበት።

ሌላ አንድ መዳሰሻ ብቻ ነበር የቀራት። ድምፁ እንዲያልፍ ሙቀቱ ግን መዳሰሻው ጋ እንዳይደርስ፣ ረዘም ያለ የብረት ዘንግ አስቆረጠችኝ። አንዱን ጫፍ ቧንቧው ላይ አስደገፍን፤ መዳሰሻውን በሌላኛው ጫፍ አድርገን ዘንጉን በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለልነው። በመሣሪያው መስታወት ላይ የሚታየው ምልክት ደብዛዛ ነበር። ቢሆንም በደህናው ቦታና በመታጠፊያው መካከል ያለው ልዩነት ለእኔም ታየኝ።

ሥራ አስኪያጁ ተጠርተው መጡ።

«እርግጠኛ ነሽ?» አሏት።

«ቁጥሩ ትንሽ ሊዛነፍ ይችላል፣ ጌታዬ። መቅጠኑን ግን እርግጠኛ ነኝ።»

ካድሬውን አየት አደረጉና «ይቁም» አሉ።

ቆርጠን ስናወጣው መታጠፊያው ከውስጥ ተበልቶ ቆርቆሮ አክሏል። ሁልጊዜ ከሥሩ ቆሞ የሚሠራው የቦይለር ሠራተኛ ቁራጩን በጣቱ ዳበሰና መሬት ላይ ቁጭ አለ።

በቀጣዩ ስብሰባ ካድሬው ቁራጩን ከፍ አድርጎ አሳየን። አደጋው የከሸፈው በሠርቶ አደሩ ንቃት ነው አለ፤ ስሟን አላነሳም። አጨበጨብን። እሷም አጨበጨበች።

ስንወጣ «አላናደደሽም?» አልኳት።

«ቧንቧው ተቀይሯል» አለችኝ፤ ከዚያም የትኛውን ቧንቧ ቀጥለን እንደምንለካ ታስረዳኝ ጀመር።