ሙሽሪትን በእንዶድ ያሳመምኳት ሰሞን

እንዶድ ሲወቀጥ ብናኙ አፍንጫ ውስጥ ይገባና ያስነጥሳል። ባለፈው ቅዳሜ ማክሰኝት ከተማ ገበያ አንዲት ሴት ጆንያ ላይ ዘርግታ ስትሸጥ አገኘኋትና ጎንበስ ብዬ እፍኝ አነሣሁ፤ ሦስት ጊዜ አስነጠሰኝ። የልጄ ልጅ፣ «አያቴ፣ የዱቄት ሳሙና ሞልቶ እንዶድ ምን ያደርግልሻል?» አለችኝ። ምንም አያደርግልኝም። ሽታው ግን ጎትቶ ጎንደር፣ የአባባ መኝታ ክፍል ውስጥ አስገባኝ።

ከዳባት ደጋ ወርጄ ጎንደር ሰው ቤት ለሥራ የገባሁት በአሥራ አምስት ዓመቴ ነው። የቤቱ እመቤት ነርስ ነበረች፤ እትዬ እላታለሁ። አባቷን ሁላችንም አባባ እንላቸዋለን። ቀኝ ጎናቸው ከሰነፈ ሁለት ዓመት አልፎት ከአልጋ አይወርዱም። ግራ እጃቸው ደኅና ነበር፤ ግን በግራ መብላት ነውር ነው ስለሚሉ የማጎርሳቸው እኔ ነኝ።

እትዬ ታዲያ ትንሽ እንዲጫወቱ ብላ ከአዲስ አበባ አንዲት ብርቱካን የመሰለች ዓሣ አመጣችላቸው፤ የመስታወት ገንዳውንም ከራስጌያቸው አስቀመጠችው። ጅራቷ እንደ ሙሽራ ዓይነ ርግብ ይንሳፈፋል፤ አባባም ሙሽሪት ብለው ጠሯት። ጠዋት ፀሐይ በመስኮት ገብታ ገንዳው ላይ ስታርፍ ግድግዳው ሁሉ ይውለበለብ ነበር። ሙሽሪት ሳትበላ እሳቸው አይበሉም። «እንግዳ ሳይቀምስ ባለቤት አይጎርስም» ይሉኝ ነበር።

አንድ ሰሞን እትዬ ለሥራ ከከተማ ወጣች። «ሁለቱንም ለአንቺ ሰጥቻለሁ» ብላኝ ሄደች። እኔም ገንዳው አረንጓዴ ለብሶ አየሁና፣ ስትመጣ ታመስግነኝ ብዬ፣ ዓሣዋን ሳፋ ውስጥ አኑሬ ጠጠሩንም መስታወቱንም በእንዶድ ፈተግሁት። እኛ አገር ነጭ የሚነጻው በእንዶድ ነው፤ የጥምቀት ነጠላ ሁሉ በሱ ይታጠባል። ገንዳው የሌለ እስኪመስል ጠራ። ደስ ብሎኝ ውኃ ሞልቼ ሙሽሪትን መለስኳት።

ምሳ ይዤ ስገባ ሙሽሪት በጎኗ ተንጋላ ውኃው አፍ ላይ ወጥታ አፏን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ፍርፋሪ ጣልኩላት፤ ዞራም አላየችው።

«ምነው ዘመመች?» አሉ አባባ።

«ደክሟት ነው።»

«ከምን ሥራ?» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። የጠቀለልኩት ጉርሻ እጄ ላይ ቀረ።

ዘበኛውን ጠራሁት። የጎርጎራ ሰው ነው፣ ሐይቅ ዳር ያደገ። አየት አደረጋትና በምን እንዳጠብኩ ጠየቀኝ።

«በእንዶድ፣ አያ።»

«አይ ደገኛ። የኛ ሰዎች ዓሣ ሲያሰክሩ የብርብራ ዛፍ ፍሬ ይወቅጣሉ፤ አንቺ ደግሞ ሌላ ዘዴ አመጣሽ። እንዶድም እኮ ለዓሣ መርዝ ነው።» ደግሞ ሳቅ አለና፣ «በይ ነፍሷ ሳይወጣ ወጥ ትሁን፤ ሮብም ነው።»

አልሳቅኩም። እምቢ፣ አትሞትም አልኩት። እሷ ካልበላች እሳቸው አይበሉም፤ ስንት ቀን ይችላሉ? ፊቴን ሲያይ ቀልዱን ተወ። የቧንቧው ውኃ መድኃኒት ስላለበት የምንጭ ውኃ እንዳመጣ፣ አንዴ መቀየርም እንደማይበቃ ነገረኝ። «ውኃውን ከፍ አድርገሽ እያፈሰስሽ መልሺው፤ ሐይቁም ማዕበል ካልመታው ትንፋሽ የለውም» አለኝ።

ምንጩ ከሰፈሩ ግርጌ ነው። ጀሪካን አዝዬ ሦስት ጊዜ ወረድኩ፣ ሦስት ጊዜ ወጣሁ። ዛሬ ያን ዳገት ዓይኔም አይወጣው። በወጣሁ ቁጥር ጠጠሩን አለቀልቃለሁ፣ ውኃውን እለውጣለሁ። ከዚያ ገንዳው አጠገብ ቆሜ በጣሳ እየቀዳሁ ከላይ ማፍሰስ ጀመርኩ።

«ምንድን ነው የምትሠሪው?» አሉኝ አባባ።

መደበቁ አቃተኝ። «አባባ፣ እኔ ነኝ ያሳመምኳት። በእንዶድ አጥቤው ነው።»

እንባዬ ሲመጣ አዩና፣ «ታዲያ ምን ያስለቅስሻል? አፍስሺ እንጂ» አሉኝ።

አፈሰስኩ። ክንዴ ዝሎ ጣሳውን ሳሳርፍ ግራ እጃቸውን ከጋቢው ሥር አወጡ። «ወዲህ በዪው። ለዓሣ በግራ ቢያፈሱላት አትቀየምም።» መጀመሪያ ግማሹ ትራሱ ላይ ፈሰሰ፤ ቆይቶ እጃቸው መንገዱን አወቀ። እስኪመሽ ስንፈራረቅ በዚያ ክፍል ውስጥ የሚሰማው የውኃው ቿታ ብቻ ነበር። እራትም ሳይቀምሱ አደሩ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሙሽሪት ቀና ብላ ነበር፣ ጥቂት ዘመም እንዳለች። ፍርፋሪ ጣልኩ። አለፈችው። ዞራ መጣች፣ ሸተተችው መሰለኝ፣ ደግሞ አለፈችው። በሦስተኛው ላፍ አደረገችው።

«አሁን የኔን አምጪ» አሉ አባባ።

ሽሮውን አቅርቤ ልጠቀልል ስል ሳህኑን ወደ ራሳቸው ሳቡት። በግራ እጃቸው ቆርሰው ጎረሱ። የወጡ ግማሽ ጋቢያቸው ላይ ቀረ። ላብስ ስጠጋ፣ «ተይው» አሉኝ። ተውኩት።

ከዚያ ወዲያ ማንም አላጎረሳቸውም። እትዬ ስትመለስ በሩ ላይ ቆማ ሲበሉ አየቻቸው፤ ስለ ዓሣዋ አንድም ነገር አልጠየቀችኝም።

አባባ በመስከረም አረፉ፤ ሙሽሪት እስከ ጥር ቆየች። ሐዘንተኛው ሲበተን ጋቢያቸውን እንዳጥብ ለእኔ ተሰጠኝ። ደረቱ ላይ የሽሮው ምልክት አለ፣ አንዱ ባንዱ ላይ። ዳር ዳሩን አጠብኩ። እዚያ ቦታ ላይ ስደርስ እጄን አነሣሁ።