ፓምፕ ፋብሪካ የተባለው ግቢ

ጋሼ ንጉሤ ባሕር ማዶ፣ ኒው አልባኒ በሚባል ከተማ ባለው መጋዘን ዕቃ ሲፈትሹ ውለው ይገባሉ። የቀድሞ ሥራቸውን ለጠየቃቸው ሁሉ መልሳቸው አንድ ነው፤ ፓምፕ ፋብሪካ ነበርኩ ይላሉ። ሰውየው ውሸት አይሆንላቸውም፤ ይቺ አንዷ ግን ሠላሳ ምናምን ዓመት አብራቸው ኖራለች።

እውነቱ ይነገር ከተባለ ይሠሩ የነበረው ሚሳይል ነው። ወይም ለመሥራት ይፍጨረጨሩ ነበር ማለቱ ይሻላል። በሰባዎቹ መጨረሻ፣ አገር ቤት እያሉ፣ አገሪቱ የራሷ ሚሳይል እንዲኖራት ታዘዘና፣ በራፉ ላይ «የውሃ ፓምፕ» የሚል ታፔላ ወደተሰቀለበት ግቢ ሃያ ስድስት ሰው ምስጢር ላያወጣ ፈርሞ ገባ። ጋሼ ንጉሤ ቶርኖ በሚባለው የብረት መቅረጫ ማሽን ላይ ቆመው እሳቱ የሚወጣበትን አፍንጫ ይቀርጹ ነበር። ከፀጉር የቀጠነ ስህተት ከተገኘ ብረቱ ይጣልና እንደገና ከሀ ይጀመራል። ያን ሥራ ይወዱት ነበር፤ ዛሬም ይናፍቃቸዋል። ነዳጁን የሚሞላው ጓደኛቸው ደጀን ነበር፤ ቀልደኛ፣ በዚያ ክፉ ዘመን ተደብቆ የሚጸልይ ጴንጤ።

አንድ ቀን ለሙከራ የቆመው ሚሳይል ሰዓቱ ሳይደርስ ፈነዳ። ደጀን ሌሎቹን እየገፈተረ ከመከለያው ግንብ ጀርባ ሲያስገባ ራሱ ሳይደርስ ቀረ። አለቆቹ ሰክሮ ሲነዳ ገደል ገባ በሉ አሉ። መርዶውን እንዲያረዱ የተላኩት ጋሼ ንጉሤ ናቸው፤ አረዱም። ነፍሰ ጡር የነበረችው ሚስቱ ቆንጂት፣ ለካ እየጸለየ ተደብቆ ይጠጣ ኖሯል ብላ እንባዋን ነፈገችው።

ያቺው ቆንጂት ዛሬ እዚያው አቅራቢያ ብሌንደን ታውንሺፕ ትኖራለች፤ ከጋሼ ንጉሤ ጋር እሑድ እሑድ አንድ ቸርች ይገናኛሉ። ባለፈው እሑድ፣ ያኔ በሆዷ የነበረውና ዛሬ ጎልማሳ የሆነው ልጇ ኤልናታን ቢራ መቅመሱን ሰምታ በሰው ፊት እንደ አባትህ ገደል ትገባለህ አለችው። ልጁ አንገቱን ደፋ። ጋሼ ንጉሤ አፈሩ። ፊርማዬን አከበርኩ እያሉ የኖሩት ፈርተው እንጂ ሌላ እንዳልነበረ ያን ጊዜ ገባቸው።

ሰኞ ገና ሳይነጋ በሯን አንኳኩ። ቆንጂት የምትሠራበትን የአረጋውያን ማቆያ የሥራ ልብስ ለብሳ ወጣች። በዚህ ሰዓት በር የሚያንኳኳ ሽማግሌ ምን ይዞ እንደሚመጣ ታውቃለችና ግድግዳውን ያዘች።

«ጋሼ ንጉሤ፣ ማን ሞተ?»

«ደጀን» አሉ።

ከዚያ ተቀምጠው ሁሉንም ነገሯት፤ ግቢውን፣ ፍንዳታውን፣ ግንቡን። ደጀን አንዲት ጠብታ ቀምሶ እንደማያውቅ፣ ውሸቱንም እያወቁ ይዘውላት የመጡት ራሳቸው እንደሆኑ አልሸሸጉም። ቆንጂት አልተቆጣችም፤ ይቅር ብያለሁም አላለችም። ጓዳ ገብታ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ተመለሰች። ስልኳን አንስታም የፈረቃ ኃላፊዋ ሔርሞን ጋ ደወለች።

«ሔርሞንዬ፣ ዛሬ ኮል ኦፍ ላደርግ ነው፤ ሥራ አልገባም» አለቻት። «ባሌ ሞተብኝ።»