የመሪጌታ ላፕቶፕና ሦስቱ ማፍጠኛዎች

«ልጄ፣ ይኼ ዕቃ ከተበላሸብኝ መምህሬን ሁለተኛ ጊዜ ቀበርኳቸው ማለት ነው» አሉኝ መሪጌታ ዛሬ ጠዋት፣ ንፋስ መውጫ ከተማ ወዳለው ፎቶ ኮፒ ቤቴ ላፕቶፓቸውን ይዘው መጥተው።

የሟች መምህራቸውን ቅኔዎች የጻፉት እሱ ላይ ብቻ ነው። አሁን አንድ ፋይል ለመክፈት ሩብ ሰዓት ይፈጃል።

መጀመሪያ ቅኔዎቹን ፍላሽ ላይ ገለበጥኩ። ከዚያ ውስጡን ሳየው ሦስት የኮምፒውተር ማፍጠኛ ፕሮግራሞች ተጭነውበታል። ሲበራ ሦስቱም አብረው ይነሳሉ። (በአንድ ጥማድ በሬ ሦስት ሰው በአንዴ ሲያርስ አስቡት!)

ሁለቱን አጠፋሁ። በቀረው አንዱ አላስፈላጊ ፋይሎችን ጠረግሁ።

ፋይሉ ወዲያው ተከፈተ! መሪጌታ መነጽራቸውን አድርገው አንዱን ቅኔ ጮክ ብለው አነበቡት። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ጠጋ ብሎ አዳመጠ።

አንድ ማፍጠኛ፣ በልኩ፣ ይበቃል። እናንተስ ኮምፒውተራችሁ ሲንቀራፈፍ ምን አድርጋችሁ አዳናችሁት?