የተረፈ ያስከፍላል

ኔሊያ ጉስቲሎ ለሰው ሾርባ ከማጉረሷ በፊት አንዲት ጠብታ የእጇ አንጓ ላይ ጠብ ታደርጋለች። ቆዳዋን ካላቃጠላት ማንኪያው ወደሚጠብቀው አፍ ይሄዳል። ስካርቦሮ ባለው የአረጋውያን መኖሪያ በየቀኑ የምታበላቸው ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ይህን ለምደውታል፤ አንዳንዶቹ ጠብታዋን ካላዩ አፋቸውን አይከፍቱም።

ሰው ማብላት ታውቅበታለች። የገዛ ልጇ ግን አልበላላት ብላ ነበር።

ኔሊያ ለሥራ ወደ ካናዳ ስትመጣ ልጇ ጆዜል የወተት ጥርሷን እንኳ አልነቀለችም ነበር። አገር ቤት፣ ኢሎኢሎ ከተማ፣ አያቷ ዘንድ አደገች። የመኖሪያ ወረቀቷ ተሳክቶ መስከረም ላይ ስትመጣ አሥራ አራት ዓመት ሞልቷት፣ በቁመት እናቷን በልጣ ነበር። አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ የኔሊያን እጅ ያዘችና ጎንበስ ብላ ግንባሯን አስነካችው። አክብሮት ነው። ግን ለማንኛዋም የሰፈር ሴትዮ የሚደረግ አክብሮት ነው።

ሻንጣዋን አልፈታችም። ልብስ ስትፈልግ ከአልጋው ሥር ትጎትተውና መልሳ ትዘጋዋለች። ገበታ ላይ ሁለቴ ቀምሳ "ጠግቤያለሁ" ትላለች። ኅዳር ላይ ኔሊያ ቢጨንቃት ቃል ገባች፦ "እስከ ገና ሞክሪው። ያኔም ካልወደድሽው አያትሽ ጋ እመልስሻለሁ።"

"እሺ" አለች ጆዜል። ከመጣች ወዲህ እንደዚያ ፈጥና መልሳ አታውቅም።

ገና ሁለት ሳምንት ሲቀረው ኔሊያ ነገሩን ለሥራ ባልደረባዋ ለባቤት አወራቻት። ባቤት አፏ አያርፍም። "ወጥሽን ተይውና ሱሺ ቤት እንውሰዳት" አለች። "እዚያ ገብቶ የማይበላ ልጅ አላየሁም።" እዚያው ልብስ የሚያጥበው ዶዶንግ ከማጠቢያው ክፍል ሰምቷት ሳይጠራ ራሱን ጋበዘ። "ያለ እኔ ማን ሊያስጨርሳችሁ ነው?"

እሑድ ቀትር ላይ ገቡ። ቤቱ በቤተሰብና በልደት ጢም ብሏል። ዋጋው በነፍስ ወከፍ ነው፤ እስኪጠግቡ መብላት ነው። ሳህን ላይ የተረፈ ግን በቁራጭ ያስከፍላል፤ ይዞ መውጣትም ክልክል ነው። ይህ ሁለተኛው ለእነባቤት የመረረ ሕግ ነው። በእነሱ ዘንድ እንግዳ ከግብዣ ባዶ እጁን አይሸኝም፤ ባቤትም ከቦርሳዋ ባዶ የፕላስቲክ ዕቃ ተለይቷት አያውቅም።

የሚታዘዘው በታብሌት ነው። ባቤት ቀድማ ያዘችው።

"ምን ልዘዝልሽ፣ የኔ ቆንጆ?"

"እንደፈለጋችሁ።"

"ሳልሞን ትወጃለሽ?"

"እንደፈለጋችሁ።"

ባቤት ይህቺ ልጅ አፍራ ነው ብላ ከየዓይነቱ አዘዘችላትና ታብሌቱን ለዶዶንግ አሳለፈችው። ዶዶንግ ባቤት ለራሷ ብቻ ያዘዘች መሰለውና ለልጅቷ አዘዘ። ኔሊያም ተራዋ ሲደርስ ምናልባት አንዱን ትወደው ይሆናል ብላ ሁሉንም ነካካች። ማንም ማንንም አልጠየቀም። እንግዳ ፊት "አዝዘህላታል ወይ?" ማለት ስስት ይመስላላ።

ሳህኖቹ መጡ። ሩዝ ላይ የተጋደመ ዓሣ፣ ጥቅልል፣ የተጠበሰ ሽሪምፕ። ቆይቶ ያው ራሱ ደግሞ መጣ።

"ይሄ የሌላ ጠረጴዛ ነው" አለች ኔሊያ።

"የእናንተ ነው" አለች አስተናጋጇ ፊቷን ሳትፈታ። "ገና ይቀራል።"

"ባቤት፣ አንቺ ነሽ" አለ ዶዶንግ።

"እኔ? አንተ አይደለህ እንዴ እንደ ፒያኖ ስትደበድበው የነበርከው?"

በሉ። ቀበቶ ላላ። ዶዶንግ ዓሣውን እየገፈፈ መዋጥና ሩዙን ሳህኑ ጥግ መከመር ጀመረ።

"ጋሼ ዶዶንግ፣ ሩዙስ?" አለች ጆዜል።

"ላንቺ ነው የቆጠብኩት። ታድጊበታለሽ።"

"ከዚህ በላይ ካደግሁ እኮ በሩ አያሳልፈኝም።"

ኔሊያ ልጇ ስትቀልድ ሰምታ አታውቅም። ዶዶንግ ሳቁን ሲለቀው ባቤት በግርግሩ አንድ ጭብጥ ሩዝ የሻይ ማንቆርቆሪያው ውስጥ ጨመረችና ከደነችው። ወዲያው አስተናጋጇ መጣች፤ ክዳኑን አነሳች፤ አየች።

"የሩዝ ሻይ አዝዛችኋል?"

ባቤት ጣሪያውን ማየት ጀመረች። ጆዜል አፏን ብትይዝም አልሆነላትም፤ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ ስትስቅም ጭንቅላቷ ኔሊያ ትከሻ ላይ ወደቀ። ኔሊያ አልተንቀሳቀሰችም። ትከሻዋ ቢነቃነቅ የምትነሳባት መስሏት ትንፋሿን ያዘች።

ልጅቷ ቀና አለችና የመብያ እንጨቶቿን አንስታ መብላት ጀመረች። እየጎረሰች አንዱን ሳህን ወደ እናቷ ገፋችው።

"አንቺም ብይ እንጂ። ከመጣን ጀምሮ ለሰው ስታቀርቢ ነው እኮ የዋልሽው።"

በዚያች አገር ኔሊያን "ብይ" ያላት ሰው አልነበረም። በላች።

የዶዶንግ የሩዝ ክምር ብቻ ቀረ። ኔሊያ ኮቷን ወንበሯ ላይ ትታ ልትከፍል ተነሳች፤ የተረፈውንም ልትከፍል ቆርጣ ነበር። ስትመለስ ሳህኑ ባዶ ነው። አስተናጋጇ ጠረጴዛውን ቃኝታ ምንም ሳትጨምር ሄደች።

"ማን ጨረሰው?"

"ጋሼ ዶዶንግ" አለች ጆዜል።

ዶዶንግ ሆዱን ደባበሰ።

ሲወጡ በረዶ ይጥላል። አውቶቡስ ውስጥ ጆዜል ሸራ ጫማዋን ስታይ ቆየችና "የእትዬ ባቤት ዓይነት የበረዶ ጫማ ውድ ነው?" አለች።

"ለሁለት ሳምንት ብለሽ..." ጀመረች ኔሊያ፤ ቀሪውን ዋጠችው።

"በረዶው እስከ ሚያዝያ አይለቅም አሉ" አለች ልጅቷ፣ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች።

ጫማው በማግስቱ ተገዛ። ኔሊያ ይህን ሁሉ ለእኔ ስትነግረኝ የሻንጣውንም፣ የገናውንም ቃል አልደበቀችም፤ "ጻፊው፣ ያው የሆነው ነው" አለች። ሳይጻፍ እንዲቀርላት የለመነችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ሰኞ ጠዋት ሥራ ገብታ ኮቷን ስትሰቅል ኪሱ ከበዳት። በሶፍት የተጠቀለለ ሩዝ ነበር፤ ጠንክሯል፤ የጨበጡት ቀጫጭን ጣቶች ቅርጽ ግን አልጠፋም። ኔሊያ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ገብታ በሩን ዘጋች፤ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፤ ሩዙንም የኮት ብናኝ እንደተጣበቀበት፣ አንድም ፍሬ ሳታስተርፍ በላችው።